መጀመሪያ ሻሩኝ፣ ከዚያ አልቅሱ

የሥራ ባልደረባዬ አለኸኝ ደውሎ «የሺ፣ ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?» ሲለኝ ገባኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ ደህና ወሬ ይዞ አያውቅም። እንጅባራ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር፤ የቢሯችን ቆርቆሮ እየጮኸ ግማሹን ቃል በላብኝ። የቀረው ግን ይበቃ ነበር። «ጋሽ ይሁኔ አረፉ። ዳንግላ፣ ቤታቸው ነው። ደህና ተኝተው አልነቁም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እየጮህኩ እወጣ ነበር። ያን ቀን ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። «የተሻሩ ቁልፎች» የሚለውን ዝርዝር አወጣሁ፤ የእሳቸውን ቁልፍ ፈልጌ ስማቸውንና ቀኑን ጻፍኩበትና ሻርኩት። ሦስት ቅጂ አትሜ አንዱን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ነው ወንበሬ ላይ ተመልሼ የተንሰቀሰቅሁት።

ልቤ ደርቆ አይደለም። ራሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። «የሺ፣ የሞተ ሰው አይፈርምም። እኔ የሞትኩ ቀን መጀመሪያ ሻሩኝ፣ ከዚያ አልቅሱ» ይሉኝ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ ክፉ አይናገሩ» እያልኩ እስቅ ነበር።

ይህ የቁልፍ ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ጋሽ ይሁኔን ማወቅ አይቻልምና።

እኛ የዘር ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ማኅበር ነን። ደጋው ላይ ያለው ገበሬ ዘሩን ያመርታል፣ ዳንግላ በኩል ያለው ወስዶ ይተክለዋል። ድንች እንደ ጤፍ አይደለም፤ ላዩን አይተው ሆዱን አያውቁትም። አጠውልግ የምንለው በሽታ ያለበት አንድ ጆንያ ዘር መሬት ከገባ፣ ያ መሬት ለዓመታት ድንች አያበቅልም። ስለዚህ በየአካባቢው መርማሪ አለን። በነሐሴ ማሳውን፣ ከመሸጡ በፊት ደግሞ መጋዘኑን ያያል። ድንቹን ለሁለት ይቆርጠዋል፣ ጨመቅ ያደርገዋል፤ ከውስጥ ቀለበቱ ላይ ነጭ ልጋግ ብቅ ካለ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ንጹሕ ከሆነ ጆንያው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይንጠለጠላል።

ችግር ያመጣብን ያው ማኅተም ነበር። ማኅተም ማንም ያስቀርጸዋል። አንድ ዓመት ማንም ያላየው ድንች በእኛ ማኅተም ተሽጦ፣ መሬታቸው የታመመባቸው ገበሬዎች የበሰበሰውን ድንች ከነመለያ ወረቀቱ አምጥተው በራችን ላይ ደፉት። ወረቀቱን ከእኛው ወረቀት ጋር አስተያየነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ እኛው ራሳችን መለየት አቃተን። አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ እናንተም ካላወቃችሁት ማን ይወቀው?» ብለው የሄዱት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጋሽ ይሁኔ ወደ እኛ የመጡት ያኔ ነው። ሬዲዮ ሲጠግኑ፣ ኋላም ስልክ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ለጥናት መረጃ ለሚሰበስቡ ሰዎች የእጅ ኮምፒውተሮችን ይጠብቁ ነበር። ጥናቱ አልቆ መሣሪያዎቹ መጋዘን ውስጥ ሲጣሉ በደብዳቤ ለምነው ስምንቱን ለእኛ አመጡልን። ወፋፍራም ናቸው፣ ጠርዛቸው ጎማ ለብሷል፣ በቀጭን ዘንግ ነው የሚነኩት። ሊቀመንበራችን አያ ቢተው አንዱን አገላብጠው አዩትና፦

«ይሁኔ፣ ይኼን ጡረታ የወጣ ስልክ ምን ልታደርገው ነው?» አሉ።

«ማኅተም።»

«ማኅተም እኮ ክብ ነው!»

መጀመሪያ የሠሩት ሥራ መሣሪያዎቹን ማደንቆር ነው። ሲም ካርዱን አወጡ፤ ጀርባቸውን ፈትተው ከውጭ ጋር የሚያነጋግራቸውን ክፍል በመበየጃ ቆረጡት። ሥራውን እህል እንደሚያበጥር ሰው፣ ትንፋሻቸውን እፍ እያሉበት ነበር የሚሠሩት፤ አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ አንድ መነጽር ግንባራቸው ላይ። «ወሬ የማይሰማ ወሬ አያወጣም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመሣሪያዎቹ ስም ደንቆሮዎቹ ሆኖ ቀረ። መርማሪያችን አለኸኝ ጠዋት ሲገባ «ደንቆሮዬ ቻርጅ ሆናለች?» ይላል፤ እንግዳ የሰማው እንደሆነ ሚስቱን የሚሳደብ ይመስለዋል።

እኔ ቢሮውን የገባሁት ወለል ልጠርግ፣ ሻይ ላፈላ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነበር። አንድ ቀን ከኮምፒውተሩ ፊት ጎንበስ ብዬ አገኙኝ።

«ምን ጠፋሽ?»

«ሀ ጠፋችኝ ጋሼ። ሁሉንም ቁልፍ አየሁ፣ የለችም።»

ሳቁ። ደግሞ ሳቃቸው ሰውን አያሳፍርም ነበር። «ብቻዋን አትገኝም። እንደ ባልና ሚስት ሁለት ቁልፍ ተገናኝተው ነው የሚወልዷት» ብለው ጣቴን ይዘው አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ ያልጠየቅኋቸው ነገር የለም፤ «ይኼን ለመጠየቅ ገና ነሽ» ያሉኝም አንድ ቀን የለም። የደንቆሮዎቹንም ነገር የነገሩኝ ድንች እየለቀምን ነው።

«እያንዳንዷ ሆዷ ውስጥ አንድ ረጅም ቁጥር አለ፤ ቁልፍ የምንለው እሱን ነው። እዚያው ይወለዳል፣ እዚያው ይሞታል። እኔም አላውቀውም። አለኸኝ ድንቹን አይቶ ‹ፈርሚልኝ› ሲላት በዚያ ቁጥር ትፈርማለች። ‹ቁጥሩን ንገሪኝ› ቢላት ግን ዝም ነው።»

«ታዲያ የእሷ ፊርማ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ለሁሉ የሚሰጥ ሌላ ቁጥር አላት። በእሱ ፊርማዋን ማረጋገጥ ይቻላል፣ መፈረም ግን አይቻልም።»

«ቢሰርቋትስ?»

«መሣሪያዋ በእጅ፣ መክፈቻው በልብ ነው። ስድስት አሃዝ ነው፤ ያዡ ብቻ ነው የሚያውቀው። አሥር ጊዜ ከተሳሳቱባት ሆዷን ታጥባለች።»

አያ ቢተው ይህን አላመኑም። አንዷን ተቀብለው የራሳቸውን ልደት፣ የልጃቸውን ልደት፣ የበቅሏቸውን መግዣ ዓመት ሳይቀር ሞከሩ። በአሥረኛው መሣሪያዋ ባዶ ሆነች። «ይሁኔ፣ ገደልኳት መሰል» ሲሉ ጋሽ ይሁኔ ተነሥተው ጨበጧቸው። «እግዜር ይስጥህ አያ ቢተው። ሌባም እንዲሁ ነው የሚያገኛት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ የምርመራው ወረቀት ተለወጠ። መርማሪው ሲፈርም የመሣሪያዋ ገጽ ላይ ነጠብጣብ ያለበት አራት ማዕዘን ምልክት ይወጣል፤ የእኔ ኮምፒውተር በካሜራው አንብቦ መለያ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ዳንግላ ያለው ተቀባይ ስልኩን ወደ ጆንያው ሲያዞር «ይህን ዘር አለኸኝ አይቶታል» የሚል ቃልና ቀኑ ይወጣለታል። ኔትወርክ አይፈልግም። ኔትወርክ ለወራት በጠፋበት ጊዜ እንኳ የእኛ ምልክት ትሠራ ነበር።

ጋሽ ይሁኔ ስለ ማንኛውም ነገር «ማን አየ?» የማለት ልማድ ነበራቸው። ጥሊሊ በረዶ ጣለ ቢሏቸው «ማን አየ?» እገሌ ልጁን ሊድር ነው ቢሏቸው «ማን አየ?» ሴቶቹ «እኚህ ሰው መንግሥተ ሰማያት በር ላይም ይጠይቃሉ» እያልን እናማቸው ነበር።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ልምጣ።

ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ የጀመረበት ሰሞን። የዳንግላ ገበሬዎች መሬታቸውን አለስልሰው ዘር ይጠብቃሉ። አለኸኝ ፊቱ ተለዋውጦ ገባ። አዘና ያለችው፣ ያሳደገችው አክስቱ ሞታለች። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ደንቆሮዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«የሺ፣ መኪናው ሐሙስ ይመጣል። እኔ ደግሞ እሷን ሳልቀብር አልመለስም። ዘራቸውን አይቼ ገና ያልፈረምኩላቸውን ሰዎች ጽፌልሻለሁ። ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተውኛል፤ እነሱም የታወቁ ጠንቃቆች ናቸው።» ጎንበስ ብሎ ስድስቱን ቁጥር በጆሮዬ ነገረኝ። «ሥራው በእኔ እንዳይቆም፣ እህቴ።»

እዚህ አገር ለቅሶ የሚሄድን ሰው «አይሆንም» የሚል አፍ አልተፈጠረም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። «አይዞህ፣ ሂድ፤ እኔ አለሁ» አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈረምኩ። ሁለቱ ያልታዩትም ሲመጡ «አለኸኝ ያውቀናል» አሉኝ። ያውቃቸዋል። ፈረምኩላቸው።

ጋሽ ይሁኔ ለሳምንት ቤተሰብ ሊጠይቁ ዳንግላ ሄደው ነበር። መኪናው ሳይመጣ፣ ረቡዕ ሲመለሱ ሻይ አቅርቤላቸው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው «አለኸኝ ለቅሶ ሄዶ ሥራው ሳይቆም እኔ ፈረምኩለት» አልኳቸው።

ብርጭቆውን ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ስድስቱን ቁጥር አሁን ስንት ሰው ያውቀዋል?»

«አለኸኝና… እኔ።»

ሁለቱንም መነጽር አወለቁ። ያለ መነጽር አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ በአንድ ጊዜ አርጅተው ታዩኝ። «የአንጓችም በእሷ ነው የተፈረመው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

እትዬ አንጓች ታናሽ እህታቸው ናቸው። ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ነው ቤታቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሬ እየተዋሱ ሲያርሱ ኖረው፣ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሬታቸውን ሁሉ ለዘር ድንች ሰጥተውት ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ያ ዘር ነው። ዘሩንም አለኸኝ ከመሄዱ በፊት በገዛ ዓይኑ አይቶታል፤ በገዛ እጁ ፈርሞለታል።

«ጋሼ፣ ያልታዩት ሁለቱ ናቸው። ሁለቱን ብቻ እንሻር» አልኩ።

«ሁለቱ መሆናቸውን በምን አወቅሁ?»

«እኔ ነገርኩዎት እኮ!»

«አንቺን አምንሻለሁ። የዳንግላው ገበሬ ግን አያውቅሽም። እሱ የሚያውቀው ምልክቷን ነው። ምልክቷ ‹አለኸኝ አየ› ትል ነበር። አሁን ‹ወይ አለኸኝ ወይ የሺ፣ ወይ አየ ወይ አላየ› የምትል ሆነች።»

«ቀኑ አለ አይደል? ከለቅሶው ቀን በፊት ያለው…»

«ቀኑን የምትናገረው ያችው መሣሪያ ናት። የከፈታት ሰው ቀኗንም ያስተካክለዋል።» እጄን መታ መታ አደረጉት። «አንቺ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። አንቺ ግን ለሰው ሁሉ ቤት ለቤት ሄደሽ ልትምይለት አትችይም።»

ቁልፉን ከመሠረቱ ሻሩት። በእሷ የተፈረመ ዘር ሁሉ፣ የታየውም ያልታየውም፣ የእህታቸውም ጭምር፣ እንዳልተመረመረ ተቆጠረ።

ስብሰባ ተጠራ። እኔ እንደ ወትሮዬ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። አለኸኝ አዘና ነው። አያ ቢተው ጠረጴዛውን መቱት።

«ማነው ያበላሸው? ስሙን ጥራልን!»

«መክፈቻውን ሁለት ሰው አውቆታል። ለመሻር ከዚህ በላይ አያስፈልግም።»

«አንተው ራስህ ነህ እንዴ?»

ጋሽ ይሁኔ መልስ አልሰጡም። ቤቱ ሁሉ ዝምታውን እንደ «አዎ» ወሰደው። ተነሥቼ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ጋሽ ይሁኔ መልስ አልሰጡም ብዬ ጻፍኩና ነጥብ አደረግሁበት።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ተከተልኳቸው። «ለምን አልተናገሩም?»

«ስምሽን ብጠራ አንቺን ያባርሩና ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገሩ አንቺ አይደለሽም የሺ። ይሉኝታ ነው። እሱን ማባረር አይቻልም፤ ማስተማር ነው የሚቻለው።» ትንሽ ሄደው ቆሙ። «ልትናገሪ ከፈለግሽ ግን አፍሽ የራስሽ ነው።»

ኔትወርክ ስላልነበረ የሽረቱን ወረቀት በሰው እጅ ማድረስ ነበረብን። የጥሊሊን ራሳቸው ሊለጥፉ በሚኒባስ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ወረቀቱን የዘር መቀበያው በር ላይ ለጥፈው ሳይጨርሱ እትዬ አንጓች ከኋላችን መጡ። ወሬው ቀድሞናል።

«ይሁኔ፣ አለኸኝ የእኔን ዘር በዓይኑ አላየም?»

«አይቷል።»

«ቆርጦ፣ ጨምቆ አላየም?»

«አይቷል።»

«ታዲያ?»

«መሣሪያዋ ያየውንና ያላየውን አትለይልኝም። የአንቺን ልተው ብል የሌላውን ሰው በምን አፌ እሽራለሁ?»

«እህትህ ነኝ እኮ!»

«ስለሆንሽ ነው የተቸገርኩ።»

እስከዚያ በአማርኛ ነበር የሚነጋገሩት፤ ለእኔ ሲሉ መሰለኝ። ከዚያ እትዬ አንጓች ወደ አገውኛ ዞሩ። አገውኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ዘሩ በቅሏል፣ ብርሃን መትቶት አረንጓዴ ሆኗል፣ ለወጥ እንኳ አይሆን፣ ዝናቡ መጥቷል፣ ገዢው አይጠብቀኝም፣ ነበር የሚሉት። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቤቴ እንዳትገባ አሉ። ጋሽ ይሁኔ ኮፍያቸውን እጃቸው ላይ ይዘው እስኪጨርሱ ድረስ ቆመው ሰሙ። አንዲት ቃል አልመለሱም። እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር፤ እኔም አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

አዲስ ቁልፍ መሣሪያዋ ሆድ ውስጥ ሲወለድ ሰከንድ አይፈጅም። እያንዳንዱ መቀበያ ቦታ ምስክር ባለበት ማስመዝገብ ግን፣ በሚኒባስና በእግር፣ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። አለኸኝ ከለቅሶው ሲመለስ የሆነውን ሰምቶ ራሱን ያዘ። «እኔ ነኝ ብዬ ልንገራቸው?» አላቸው። «መጀመሪያ ድንቹን እይ» አሉት። መጋዘን ለመጋዘን እየዞሩ ሁሉንም እንደገና ቆረጡ፣ ጨመቁ። የእትዬ አንጓችን ቤት አለኸኝ ብቻውን ገባ፤ ጋሽ ይሁኔ ከቀርቀሃው አጥር ውጭ ዝናብ ላይ ቆመው ጠበቁት።

ሁሉም ንጹሕ ነበር። ያልታዩት ሁለቱም፣ የእትዬ አንጓችም። አንድ የታመመ ፍሬ አልተገኘም።

ግን ገዢዎቹ ሄደዋል። ዝናብ የያዘው ገበሬ ከሌላ ቦታ ያገኘውን ተክሏል። እትዬ አንጓች የቻሉትን ያህል ራሳቸው ተከሉት፣ ለጎረቤት አከፋፈሉ፣ የቀረው በሰበሰ። ያን ክረምት የሰው እርሻ እያረሙ ነው ያሳለፉት። ሰውም «ይሁኔ ንጹሕ ድንች ገደለ» ብሎ ተሳለቀ። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ሲሏቸው ሰማሁ። «ንጹሕ መሆኑን ዛሬ አወቅን። ያን ቀን ግምት ነበር» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሲሉት ግን ድምፃቸው ላይ ኩራት አልነበረም። እኔ እንደሆንኩ እስካሁን ድረስ አንዳንድ ሌሊት ልክ ነበሩ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የእትዬ አንጓች ፊት ይመጣብኝና አፌን እይዛለሁ።

ከዚያ በኋላ ያመጡት ትምህርት ደግሞ በየትም አገር ያለ አይመስለኝም። ደንቆሮዎቹን የሚይዙትን ስምንታችንን ሰብስበው እምቢ ማለት አስተማሩን። አዎ፣ ስምንታችንን፤ አያ ቢተው ባዶ ያደረጓትን አንዷን ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር። «አንቺ አሁን ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ» ብለው።

ጋሽ ይሁኔ ራሳቸው የገበሬ ሽማግሌ መስለው፣ ነጠላ ተከናንበው፣ ከዘራ ተደግፈው፣ እያነከሱ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ አባትሽ ወዳጄ ነበር። መክፈቻዋን ንገሪኝና ሁለት ጆንያ ብቻ ልፈርም።»

«ኧረ ጋሼ… እንዲያው ምን ልበልዎት…»

«እምቢ በይኝ።»

«ይቅርታ…»

«ይቅርታን ለቤተ ክርስቲያን አቆዪው። እምቢ!»

ቤቱ በሳቅ ሞተ። አለኸኝ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ተራው ሲደርስ ግን ጋሽ ይሁኔ ምንም ሳይከናነቡ፣ ቀስ ብለው «አለኸኝ፣ እናቴ ሞታ ልቀብር መሄዴ ነው» አሉት። ልጁ ላብ በላብ ሆነ።

«እሺ… ነገ እናየዋለን» አለ።

«ይኼ እምቢ አይደለም፤ ይኼ ቀጠሮ ነው። እንደገና።»

ሦስት ሳምንት በየዓርቡ ተለማመድን። እኔ «እምቢ» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ሲወጣም አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ዳንግላ ዘር ላስረክብ ሄጄ አንድ ገበሬ ጆንያችንን መርጦ ሲያነሣ ጎረቤቱ «ከዚያኛው በምን ይሻላል?» አለው። «እነዚህ የእህታቸውን ዘር የሻሩት ሰዎች ናቸው» ብሎ መለሰለት። ለጋሽ ይሁኔ ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «አንጓች አትስማው» ብቻ አሉኝ።

ጡረታቸውን ይዘው ዳንግላ ገቡ፤ አዲስ ቁልፍ ሲመዘገብ ምስክር ሆነው የሚፈርሙበት የራሳቸው ቁልፍ ግን እስከ መጨረሻው በእጃቸው ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ለእህታቸው ሰው ይልካሉ፤ መልስ አይመጣም። እትዬ አንጓች ግን ከማኅበሩ አልወጡም። በዓመቱ ዘር ተበድረው ጥቂት ተከሉ፣ በሚቀጥለው ጨመሩ። መርማሪ ሲመጣ በር ይከፍታሉ፤ የወንድማቸው ስም ሲነሣ ይነሣሉ።

እና አሁን ሞቱ።

ዳንግላ ስደርስ ለቅሶው ድንኳን ሞልቷል። አለኸኝ ቀድሞኝ መጥቶ፣ ዝናብ እየመታው አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። እትዬ አንጓች ጥግ ላይ ብቻቸውን ናቸው፤ አያለቅሱም። ሰው አጠገባቸው ለመቀመጥ የፈራቸው ይመስላል። ሄጄ ፊታቸው ላይ ቆምኩ። የማጽናኛ ቃል ተዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ፣ ያን ዓመት መክፈቻውን ያወቅሁት ሁለተኛዋ ሰው እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ራሱ ነው ያበላሸው ተብሎ አልነበረም?»

«ሰው ነው ያለው። እሳቸው ዝም ነው ያሉት። ገበያው ላይ እርስዎ ሲናገሯቸው አጠገባችሁ ነበርኩ። እኔም ዝም አልኩ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ልሂድ ልቁም አላውቅም። ከነጠላው ሥር በአገውኛ አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ። ዝም አልከኝ፣ ነበር ያሉት። ደጋግመው አሉት፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ወደ አለኸኝ አዩ።

«ሰኞ ማሳዬን የሚያየው እሱ ነበር።»

«አዎ። ሰልስት ሳያወጣ አይመለስም።»

«መሣሪያውን ለማን ሰጥቶ መጣ?»

«ለማንም። ኪሱ ውስጥ ናት። መክፈቻዋንም ሌላ ሰው አያውቀውም።»

«አበባው ሳይረግፍ ካልታየ ለዘር አይፈረምልኝም፤ ታውቂ የለ? ያንን ዓመት ልትመልሱብኝ ነው?»

«አይዞዎት፣ አንድ ነገር እናደርጋለን» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ለቅሶ ላይ ላለች እህት፣ ያውም እኔ የበደልኳት እህት፣ ሌላ ምን ይባላል? ዋጥኩት።

«እሱ እስኪመለስ ይቆያል፣ እትዬ። ሌሎቻችን በየራሳችን ማሳ ተይዘናል፤ በእሱ ስም ደግሞ ሌላ ሰው አይፈርምም።»

አዩኝ። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድበዋል። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ይቆይ» አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉልኝ።